ቁልቁል ሳትቆሙ፣ ሽቅብ እየቆማችሁ፦ አንድ ቀን በኪላዌያ የጉድጓዶች ሰንሰለት መንገድ

በሃዋይ ትልቁ ደሴት፣ ከኪላዌያ እሳተ ገሞራ አናት ተነስቶ እስከ ውቅያኖስ ዳር የሚወርድ የአስፋልት መንገድ አለ። የመንገድ ምልክቱ «ቼይን ኦፍ ክሬተርስ ሮድ» ይለዋል፤ የጉድጓዶች ሰንሰለት መንገድ ማለት ነው። ርዝመቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በዚህ ርቀት ውስጥ ከ1,100 ሜትር በላይ ይወርዳል። መጨረሻው ላይ ከተማ ወይም ሆቴል አይጠብቃችሁም፤ ቅልጥ ድንጋይ ቆርጦ ያስቀረው አስፋልትና ባሕሩ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ በሄዱበት መመለስ ግድ ነው። አንዱን መንገድ ሁለት ጊዜ የምትነዱት ከሆነ ደግሞ በየትኛው ጉዞ ላይ እንደምትቆሙ አስቀድማችሁ መወሰን አለባችሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድሁ ቀን ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረግሁ። ከላይ ጀምሬ በየጉድጓዱ አፋፍ ስቆም፣ ፎቶግራፍ ሳነሳ፣ የተለጠፈውን ሁሉ ሳነብ ረፈደብኝ። ከታች ስደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ጥላ በሌለበት ጥቁር ድንጋይ ላይ፣ ያለ ቆብ፣ አንዲት ትንሽ የውሃ ጠርሙስ ይዤ አንድ ሰዓት ያህል ተንከራተትሁ። ስመለስ ጉልበት ስለከዳኝ የትም ሳልቆም ወጣሁ፤ ጀምበር ስትጠልቅ ከተራራው አናት፣ ከዋናው ጉድጓድ አፋፍ መገኘት ሲገባኝ አልጋ ላይ ነበርሁ።

በሁለተኛው ጉዞ ቅደም ተከተሉን ገለበጥሁት። በማለዳ እስከ ባሕሩ ሳልቆም ወረድሁ፤ ከዚያ እየቆምሁ ሽቅብ ወጣሁ። ሙቀቱ ሳይበረታ የታችኛው ክፍል ያልቃል፤ ቀኑ እየጋለ ሲሄድ እናንተ ወደ ብርዱ ትወጣላችሁ፤ ሲመሽም ከእሳቱ ደጃፍ ትደርሳላችሁ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚሁ ቅደም ተከተል የተጻፈ ነው።

በዋዜማው ምሽት

ከመተኛታችሁ በፊት ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛው የሃዋይ እሳተ ገሞራዎች ብሔራዊ ፓርክ ድረ ገጽ ነው፤ የትኛው መንገድና የትኛው የእግር መንገድ እንደተዘጋ ይነግራችኋል። ሁለተኛው የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም አካል የሆነው የሃዋይ እሳተ ገሞራ መከታተያ ጣቢያ የሚያወጣው የኪላዌያ ዕለታዊ መግለጫ ነው። ጣቢያው እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ይህን ተራራ ሲጠብቅ የኖረ ስለሆነ ከሆቴል እንግዳ መቀበያ ወሬ ይልቅ እሱን እመኑ።

መግለጫውን ማንበብ ያለባችሁ ለደኅንነት ብቻ አይደለም። ኪላዌያ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 23 ቀን 2024 ጀምሮ በተለየ ጠባይ ሲፈነዳ ቆይቷል። ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቀን ላልበለጠ ጊዜ የቅልጥ ድንጋይ ፏፏቴ ወደ ሰማይ ይረጫል፤ ከዚያ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ዝም ይላል። ከፏፏቴዎቹ አንዳንዶቹ ከ300 ሜትር በላይ ወጥተዋል። መግለጫው ቀጣዩ ፍንዳታ መቼ ሊሆን እንደሚችል ግምት የሚሰጥበት ጊዜ ስላለ ቀናችሁን ማሸጋሸግ ከቻላችሁ አሸጋሽጉ። በፍንዳታ ጊዜ ግን ነፋሱ የተሸከመው ጠጠርና እንደ ፀጉር የቀጠነ የመስታወት ክር በመንገድና በመኪና ማቆሚያ ላይ ሊዘንብ ይችላል። ክሩን የአገሩ ሰዎች በእሳተ ገሞራዋ አምላክ ስም «የፔሌ ፀጉር» ይሉታል። ሲያዩት ያምራል፤ በእጅ ከነኩት ይወጋል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ቀልድ አይደለም።

ከመካከላችሁ አስም፣ የልብ ሕመም ወይም እርግዝና ያለባት ሰው ካለች የአየሩን ጥራት ለብቻው ተመልከቱ። ተራራው የሚተፋው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ለጤነኛው ጉሮሮ መከርከር ነው፤ ለታማሚው ግን ከዚያ ይብሳል። ሕፃናትንም እንዲሁ።

መኪናውና ጓዙ

ለዚህ መንገድ ባለ አራት ጎማ ነጂ መኪና አያስፈልግም፤ አስፋልቱ ጥሩ ነው። የሚያስፈልገው ነዳጅ ነው። ከፓርኩ በር በኋላ ማደያ የለም፤ ከታችኛው ጫፍ ስትመለሱ ደግሞ ከ1,100 ሜትር በላይ ዳገት ይጠብቃችኋል። ከሂሎ ከተማ የምትነሱ ከሆነ እስከ በሩ 48 ኪሎ ሜትር፣ ሦስት አራተኛ ሰዓት ያህል ነው፤ እዚያው ሞልታችሁ ውጡ። ከኮና በኩል የምትመጡ ከሆነ ርቀቱ ከ150 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥና ከሁለት ሰዓት በላይ ስለሚወስድ፣ ለዚህ ጉዞ ሲሉ በዋዜማው ሂሎ ወይም በፓርኩ አጠገብ ያለው የቮልካኖ መንደር ማደር ይሻላል።

ውሃም ምግብም በመንገዱ ላይ አይሸጥም። ለአንድ ሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር ውሃ ያዙ፤ ሦስት ቢሆን አልጣላችሁም። ልብስን በተመለከተ ሁለት ወቅት እንደምትጎበኙ አስቡት፦ ላይ በ1,200 ሜትር ከፍታ ዝናብና ብርድ፣ ታች ፀሐይና ኃይለኛ ነፋስ። የዝናብ ካፖርት፣ በነፋስ የማይወሰድ ማሰሪያ ያለው ቆብ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ የእጅ ባትሪ። ጫማው ጣትን የሚሸፍንና ሶሉ የጠነከረ ይሁን። የረጋ ቅልጥ ድንጋይ መስታወት ነው፤ በነጠላ ጫማ የወደቀ ሰው መዳፉን ተቆራርጦ ነው የሚነሳው። ስልክ በአብዛኛው መንገድ ላይ ስለማይሠራ ካርታውን ቀድማችሁ አውርዱ። የአገሩ የርቀት ምልክት በማይል መሆኑንም አትርሱ፤ አንድ ማይል 1.6 ኪሎ ሜትር ነው።

አንድ፦ ማልዶ መግባት

ፓርኩ ሌት ተቀን ክፍት ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በሩ ላይ ብትገኙ መንገዱ የእናንተ ነው ማለት ይቻላል። ለግል መኪና 30 ዶላር ይከፈላል፤ ደረሰኙ ለሰባት ቀን ስለሚያገለግል አትጣሉት። ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፤ ካርድ ያዙ።

እዚህ አንድ ፈተና አለ። ከበሩ እንደገባችሁ የዋናው ጉድጓድ አፋፍ ቅርብ ነውና ልባችሁ ወደዚያ ይሳባል። የተራራው አናት በዚያ ሰዓት ብዙ ጊዜ በጉም የተሸፈነ ስለሆነ ለማታ ተዉት። ቅልጥ ድንጋዩ በዚያች ሌሊት እየፈነዳ ከሆነ ግን ይህን መመሪያ ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉና ሂዱ፤ ለእሳት የሚሆን ቅደም ተከተል የለም።

ሁለት፦ ሳይቆሙ መውረድ

የክሬተር ሪም መንገድን ይዛችሁ ናሁኩ የሚባለውን ዋሻ አልፋችሁ ትንሽ እንደሄዳችሁ ወደ ግራ የሚታጠፍ መገንጠያ አለ። ሰንሰለቱ የሚጀምረው እዚያ ነው። ከዚህ እስከ ባሕሩ ሳይቆሙ ሲነዱ ሦስት ሩብ ሰዓት ገደማ ነው።

ባትቆሙም ዝም ብላችሁ አትውረዱ። ከመንገዱ ዳር ቅልጥ ድንጋዩ የፈሰሰበትን ዘመን የሚናገሩ ትንንሽ ምልክቶች ተተክለዋል። አሽከርካሪው ዓይኑን ከመንገዱ አያንሳ፤ ከጎኑ የተቀመጠው ዓመተ ምሕረቱን ጮክ ብሎ ያንብብ። በአንድ ኩርባ 1974፣ በሌላው 1969፣ ቀጥሎ ደግሞ ዘመኑ የማይታወቅ አሮጌ ደን። ከዚህ የተሻለ አስጎብኚ አላገኘሁም። የምልክቱን ቁጥርና የድንጋዩን መልክ ስታነጻጽሩ ሳይታወቃችሁ ማንበብ ትለምዳላችሁ፦ ወጣቱ ድንጋይ ገጹ እንደ ብር ያብለጨልጫል፤ ያረጀው ወደ ቡናማ ያደላል፤ ሣርና ፈርን ሲጀምረው ገና አሥርተ ዓመታት ናቸው ያለፉት፤ ደን ከሆነ ደግሞ መቶ ዓመታትን ቁጠሩ። ላይኛው አካባቢ ዝናብ ስለሚበዛ እኩዮች የሆኑ ሁለት ፍሰቶች ላይ አንዱ ለምልሞ፣ ታች ያለው ገና ራቁቱን ሊሆን ይችላል። ሒሳቡን ስትሠሩ ይህን አስገቡበት።

የድንጋዩም ዓይነት ሁለት ነው፤ ሁለቱንም ስም ዓለም የወሰደው ከሃዋይ ቋንቋ ነው። ፓሆይሆይ የሚባለው ገጹ ለስላሳ፣ አንዳንዴም እንደ ተጠመዘዘ ገመድ የተሸበሸበ ነው። አአ የሚባለው ደግሞ ጓል የበዛበት እርሻ ይመስላል፤ ሻካራና ስለታም ነው። የተሠሩበት ነገር አንድ ነው፤ የሚለያቸው ሲፈስ የነበረው ፍጥነትና ውፍረት ነው። ፓሆይሆይ ሲወርድ እየቀዘቀዘ አአ ሊሆን ይችላል፤ አአ ግን ወደ ፓሆይሆይ አይመለስም። ኤርታ አሌ ጠርዝ ላይ የቆመ አንባቢ ሁለቱንም በእግሩ ያውቃቸዋል፤ ያም ተራራ የዚሁ የቀጭን ቅልጥ ድንጋይ ወገን ነው።

ታችኛው ክፍል ላይ መንገዱ ትልቁን ገደል እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ዝቅተኛ ማርሽ ተጠቀሙ፤ እግራችሁን ፍሬን ላይ ተክላችሁ አትውረዱ። ኔኔ የሚባለው የሃዋይ ዝይም አስፋልቱን የሚሻገረው ተዝናንቶ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በዱር የቀሩት 30 ገደማ ብቻ ስለነበሩ እያንዳንዱ ይቆጠራል። ምግብ አትወርውሩላቸው፤ መኪና ዳር መጠበቅን የሚያስተምራቸው እሱ ነው።

ሦስት፦ የመንገዱ መጨረሻ

አስፋልቱ ለመኪና የሚዘጋበት ቦታ ላይ አቁሙ። መጸዳጃ አለ፤ ውሃ የለም። ጥቂት በእግር ሄዳችሁ ከገደሉ ጫፍ ስትደርሱ የሆሌይ የባሕር ቅስት ይታያችኋል፦ 27 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ ማዕበል ከገደሉ ሥር እየቦረቦረ የቀረጸው የድንጋይ በር። የተሠራበት ድንጋይ ወደ 550 ዓመት ዕድሜ አለው። የጠዋት ብርሃን ከጎን ሲመታው ነው የሚያምረው። አጥሩን አትለፉ። የቆማችሁበት ገደልም ልክ እንደ ቅስቱ ከሥሩ የተበላ ሊሆን ይችላል፤ ከላይ ሆኖ አይታወቅም።

ብዙ ሰው ፎቶግራፍ አንስቶ ይመለሳል። እናንተ ግን ወደ ምሥራቅ ዙሩና መንገዱ የሚሄድበትን አቅጣጫ ተመልከቱ። ይህ መንገድ የመጀመሪያው ክፍሉ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው፤ በ1965 እስከ ካላፓና መንደር ተዘርግቶ መውጫ አገኘ። ከአራት ዓመት በኋላ ማውና ኡሉ የተባለው አዲስ ተራራ ቀበረው። በ1979 እንደገና ተከፈተ፤ በ1986 ደግሞ ፑኡ ኦኦ ከተባለው ፍንዳታ የመጣ ፍሰት ቆረጠው። ያ ፍንዳታ ከ1983 እስከ 2018 ለ35 ዓመታት ቀጠለ። መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያገለገለው ዘመን ሲደመር አሥራ አንድ ዓመት ገደማ ብቻ ነው። እንግዲህ እናንተ የነዳችሁት የተራፊውን ቁራጭ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልናገር አላልፍም። እዚህ ባሕር ዳር ቆማችሁ መሬቱ በኃይል ከተንቀጠቀጠ ማንም እስኪነግራችሁ ሳትጠብቁ ወደ መኪናችሁ ግቡና ሽቅብ ንዱ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1975 በዚህ ጠረፍ 7.7 የሚደርስ መንቀጥቀጥ ደርሶ የባሕሩ ዳርቻ አንዳንድ ቦታ ከ3 ሜትር በላይ ሰመጠ፤ ወዲያው የመጣው ማዕበል በምዕራብ በኩል ባለው ሃላፔ ሰፍረው ከነበሩት ሁለት ሰዎችን ገደለ።

አራት፦ ፑኡ ሎአ

ከመንገዱ መጨረሻ ጥቂት ኪሎ ሜትር ስትመለሱ የፑኡ ሎአ መኪና ማቆሚያ አለ። ደርሶ መልስ 2.2 ኪሎ ሜትር የሚሆን የእግር መንገድ ነው፤ ወጣ ገባ ባለ ፓሆይሆይ ላይ በድንጋይ ክምር ምልክት እየተመራችሁ ነው የምትሄዱት። ከሦስት ሰዓት በፊት ብትጀምሩት ደስ ይላል። ከስድስት ሰዓት በኋላ እኔ የደረሰብኝ ይደርስባችኋል።

ከመጨረሻው ላይ የእንጨት መተላለፊያ አለ፤ በዙሪያው ከ23,000 በላይ ቅርጾች በድንጋዩ ላይ ተፈልፍለዋል። ሰው መሳይ፣ ክብ፣ የጀልባ ሸራ ይገኝበታል፤ አብዛኞቹ ግን እንደ ሲኒ የጎደጎዱ ትንንሽ ጉድጓዶች ናቸው። ለባዕድ ጎብኚ ምንም አይሉትም፤ አልፏቸው ወደ ሰው ሥዕሎቹ ይሄዳል። የእኛን ቋንቋ ለሚናገር ሰው ግን ማስረዳት ብዙ አያስፈልግም፦ የሕፃናት እትብት ማኖሪያ ናቸው።

የባህል ተመራማሪዋ ማርታ ቤክዊዝ እ.ኤ.አ. በ1914 ስፍራውን ጎብኝታ ሥርዓቱን መዝግባዋለች። ልጅ ሲወለድ ወላጆች ወደዚህ ይመጣሉ፤ በረጋው ድንጋይ ላይ ጉድጓድ ይፈለፍላሉ፤ እትብቱን አኑረው በድንጋይ ይከድኑታል። ጠዋት ሲያዩት ከጠፋ ለልጁ ረጅም ዕድሜ ነው። የኮረብታው ስም ረጅም ማለት ነውና ዕድሜውም ከዚያ ይቀዳል። እኛ አንድን አገር የራሳችን ለማለት «እትብቴ የተቀበረበት» እንላለን፤ እዚህ ግን አባባሉ ሊቆጠር የሚችል ነገር ሆኖ በሺህ በሺህ ተዘርግቷል። አፈር የሌለበት አገር ሰው እትብቱን ለእሳተ ገሞራ ድንጋይ አደራ ሰጠ። መተላለፊያው ላይ ረጅም ጊዜ ቆሜያለሁ፤ ከጠቅላላው መንገድ አንድ ቦታ ብቻ ምረጥ ብባል ይህንኑ እመርጣለሁ።

ስለዚህ ከእንጨቱ አትውረዱ። ቅርጾቹ እንኳን በጫማ በጣትም ይበላሉ፤ ወረቀት አስደግፎ በእርሳስ መፋቅም አይፈቀድም።

አምስት፦ ገደሉን ሽቅብ

አሁን መውጣት ነው። ገደሉ ላይ ጥቁር ፍሰቶች እንደ ፏፏቴ ረግተው ተንጠልጥለዋል፤ ከታች ወደ ላይ ስትነዱ ፊት ለፊታችሁ ስለሚሆኑ ጠዋት ከጀርባችሁ የነበረውን አሁን ታዩታላችሁ። ሽቅብ መውጣትን የምመርጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አላኑዪ ካሂኮ የተባለው ማቆሚያ ላይ ለአምስት ደቂቃ ቁሙ። ትርጉሙ አሮጌው መንገድ ማለት ሲሆን ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር ብቅ ብሎ የሚጠፋ የድሮ አስፋልት ቁራጭ፣ ቀለም የተቀባው መሐል መሥመር ሳይቀር፣ ይታያል። ማውና ኡሉ በጠቅላላው 19 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ቀብሯል፤ ያንን ቁጥር ወረቀት ላይ ከማንበብ ይህቺን ቁራጭ ማየት ይበልጣል።

ከዚያ በላይ፣ 610 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ቁልቁል ማየት የሚቻልበት የኬአላኮሞ ማያ አለ። ጠረጴዛዎች ስላሉት ምሳችሁን ለዚህ ቦታ አቆዩት። ከእግራችሁ ሥር የተንጣለለው ሜዳ ላይ በስሙ የሚጠራ የዓሣ አስጋሪዎች መንደር ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ1868 ከታላቁ መንቀጥቀጥ በኋላ የመጣው ማዕበል አጠፋው፤ ቆይቶም የማውና ኡሉ ፍሰት አካባቢውን ሸፈነው። የወጣችሁት ገደልም ቢሆን ዝም ብሎ የቆመ አይደለም። የኪላዌያ ደቡባዊ ጎን በዓመት በጥቂት ሴንቲሜትር ወደ ባሕሩ ይንሸራተታል፤ ገደሎቹ የዚህ መንሸራተት እርከኖች ናቸው።

ስድስት፦ ማውና ኡሉ

እዚህ ጊዜ ስጡ፤ ሁለት ሰዓት ቢወስድባችሁ አይቆጭም። እ.ኤ.አ. እስከ ሜይ 24 ቀን 1969 ድረስ ይህ ቦታ ደን ነበር። በዚያች ቀን መሬቱ ተሰነጠቀ፤ በዚያው ዓመት የቅልጥ ድንጋዩ ፏፏቴ 540 ሜትር ደረሰ፤ በመካከል ጥቂት ወራት አርፎ እስከ ጁላይ 22 ቀን 1974 ቀጠለ። ሲያበቃ 121 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ቆሞ ነበር። ስሙም የሚያድግ ተራራ ማለት ነው፤ እያዩት ሲያድግ የወጣለት ስም።

ከማቆሚያው ተነስታችሁ ወደ ፑኡ ሁሉሁሉ የሚወስደውን መንገድ ያዙ፤ ደርሶ መልስ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመነሻው ላይ የጫማ መጥረጊያ ብሩሽ ካገኛችሁ ጫማችሁን ጥረጉ። ኦሂአ የተባለውን የአገሩን ዛፍ የሚገድል ፈንገስ አለ፤ በአፈርም ይተላለፋል። ኦሂአ ራቁት ድንጋይ ላይ ከሁሉ ቀድሞ ሥር የሚሰድ ዛፍ ነው፤ እሱ ከሌለ እዚህ ደን የለም።

መንገዱን የሚያሳየው በየርቀቱ የተቆለለ የድንጋይ ክምር ብቻ ነው። አንዱን ክምር ሳትለቁ ቀጣዩን በዓይናችሁ ፈልጉ። የራሳችሁን ክምር አትሥሩ፤ ጉም በሚወርድበት ቀን ሌላውን ሰው ወደ ስንጥቅ ትመሩታላችሁ። በግራና በቀኝ ሰው የሚያህሉ የድንጋይ ምሰሶዎች ታያላችሁ። ፍሰቱ የዛፍ ግንድ አቅፎ ረጋ፤ ግንዱ ተቃጠለ፤ ፍሰቱ ወርዶ ሲያልቅ እቅፉ ቆሞ ቀረ። ወደ ውስጥ ተመልከቱ፤ የቅርፊቱ ሻካራነት የታተመበት አለ።

ፑኡ ሁሉሁሉ ራሱ ፀጉራም ኮረብታ ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት የነበረ አሮጌ ኮረብታ ሲሆን ፍሰቱ ከቦት ስላለፈ ደኑ እንደ ደሴት ተርፏል። የሃዋይ ሰዎች እንዲህ ያለውን ተራፊ ደን ኪፑካ ይሉታል። በዙሪያው ያለው ራቁት ድንጋይ ዘሩን የሚያገኘው ከዚህ ነው። ሰማዩ ከጠራ ከአናቱ የማውና ኡሉ አፍ፣ ከጀርባውም 4,169 ሜትር የሚረዝመው ማውና ሎአ ይታያል። ዝናብ ከጀመረ ግን አትውጡ፤ እርጥብ ፓሆይሆይ ያንሸራትታል፤ ጉሙም ክምሮቹን ይደብቃል።

ሰባት፦ ጉድጓዶቹ

መንገዱን ስም ያወጡለት እነዚህ ቢሆኑም ከሦስቱ በላይ ማየት አያስፈልግም ባይ ነኝ። ፓውአሂ ትልቁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1979 ለአንድ ቀን ያህል ፈንድቷል። ፑሂማኡ ቁልቁል ሲያዩት ራስ የሚያዞር ነው። ሉአ ማኑ ትንሹ ሆኖ ግልጹ ነው፤ በጁላይ 1974 አጠገቡ ከተከፈተ ስንጥቅ ቅልጥ ድንጋይ ገብቶበት ነበር።

አፋፍ ላይ ስትቆሙ አንድ ነገር አስቡ። እነዚህ ጉድጓዶች የተፈጠሩት በፍንዳታ አይደለም። ከሥራቸው የነበረው ቅልጥ ድንጋይ ወደ ሌላ ቦታ ሸሽቶ ሲሄድ ጣሪያው ተደርምሶ ነው። ስለዚህ ዙሪያቸው ላይ የተረጨ አመድ ፈልጋችሁ ብታጡ አትገረሙ። በሰንሰለት የተደረደሩትም ቅልጥ ድንጋዩ ከመሬት በታች የሚጓዝበትን መሥመር ተከትለው ነው፤ መንገዱን የሠሩት ሰዎች ያንኑ መሥመር በአስፋልት ደገሙት። አፋፉ ዛሬም ሊደረመስ ስለሚችል ከአጥሩ ወዲህ ሁኑ።

ድንጋይ አታንሱ። በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ማንሳት ሕግ መጣስ ነው። የፔሌ እርግማን ያገኘናል ብለው የወሰዱትን ጠጠር በፖስታ የሚመልሱ ሰዎች አሉ፤ እርግማኑ የቅርብ ጊዜ ፈጠራ ነው ቢባልም የፖስታ ወጪው እውነተኛ ነው።

ስምንት፦ ናሁኩ

ከመገንጠያው በላይ ያለው ይህ ዋሻ ቅልጥ ድንጋይ ሲፈስ ከላይ ረግቶ፣ ከውስጥ ሾልኮ ያለቀበት ቱቦ ነው፤ ወደ 500 ዓመት ዕድሜ አለው። በእኩለ ቀን መኪና ማቆሚያ አይገኝም፤ ወደ አመሻሹ ይቀንሳል። ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል፤ በዛፍ ፈርን መካከል መግባቱ ብቻ ከታችኛው ሐሩር በኋላ ያሳርፋል። ጊዜ ካጠራችሁ የምትተዉት ይህን ይሁን።

ዘጠኝ፦ ሲመሽ

ጀምበር ከመጥለቋ ከአንድ ሰዓት በፊት መገንጠያው አጠገብ ባለው የዴቫስቴሽን ማቆሚያ ላይ ሁኑ። መሬቱን የሸፈነው ጥቁርና ቀይ ጠጠር፣ ለግንባታ የምንጠቀምበትን ቀይ አሽ የሚመስለው፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ኪላዌያ ኢኪ ከተባለው ጎረቤት ጉድጓድ የተተፋ ነው፤ ያኔ ፏፏቴው 580 ሜትር ደርሶ ነበር። ከማቆሚያው ወደ ኬአናካኮኢ ማያ 1.6 ኪሎ ሜትር የሚያህል ቀላል መንገድ በእግር ትሄዳላችሁ። መንገዱ ቀድሞ የመኪና ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የተራራው አናት ለወራት እየተደረመሰ ሲሰምጥ የክሬተር ሪም መንገድ ቁራጭ ወደ ጉድጓዱ ገባ፤ ሃሌማኡማኡ የተባለው የዚሁ አናት ዋና ጉድጓድ ወለልም በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ወረደ።

ከማያው ላይ ቅልጥ ድንጋይ ካለ ይታያችኋል፤ ከሌለም ካልዴራው፣ ማለትም የተራራው አናት ሰምጦ የፈጠረው ሰፊ ጎድጓዳ፣ በእንፋሎት ሲጨስ ይታያል። ብርሃኑ የሚጠፋበትን ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፤ ቀን ግራጫ ጭስ የነበረው ሲጨልም ከሥሩ ቀልቶ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ነፋሱ ዞሮ የድኝ ሽታ ካመጣባችሁ ወይም ጉሮሯችሁ ከከረከራችሁ አትከራከሩ፣ ተመለሱ፤ መኪናው ውስጥ መስኮቱን ዝጉና ማቀዝቀዣውን የውጭ አየር እንዳያስገባ አድርጉት።

ስትመለሱ የእጅ ባትሪያችሁን ከእግራችሁ ሥር ብቻ አብሩ፤ ከኋላችሁ የቆሙት ዓይናቸውን ለጨለማው ያለማመዱት በብዙ ትዕግሥት ነው።